የሚያስተኛው ሐኪም መቼ ይተኛል?



የዛሬው ንግግሬ ሰመመን በሚሰጡ ሐኪሞች የኑሮ ጥራት ላይ ያተኩራል። «የኑሮ ጥራት» ሲባል ብዙዎቻችን ፈጥነን ደመወዝን እናስባለን። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው 26 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ ግን ጉዳዩን በአራት ዘርፎች ይመለከተዋል፤ እነሱም አካላዊ ጤና፣ ሥነ ልቦና፣ ማኅበራዊ ግንኙነትና አካባቢያዊ ሁኔታ ናቸው። ገንዘብ በአራተኛው ዘርፍ ከሚነሡት ነጥቦች አንዱ ነው። እኔ ዛሬ የማነሣው በመጀመሪያው ዘርፍ ያለውን እንቅልፍን ነው።

ከአዳማ ተነሥተን በሞጆ፣ በመቂና በባቱ አልፈን እስከ ሻሸመኔ ያለውን መንገድ እናስብ። ከባድ ተሽከርካሪ የሚበዛበት መንገድ ነው፤ የአደጋ ጉዳተኛ በሌሊት ይመጣል። ምጥ የጸናባት እናትም ንጋትን አትጠብቅም። ሰመመን ሰጪው ሳይደርስ ቀዶ ጥገናው አይጀመርም፤ ካለቀም በኋላ ሕመምተኛው ነቅቶ በራሱ እስኪተነፍስ ከአጠገቡ አይርቅም።

የዓለም የሰመመን ሐኪሞች ማኅበራት ፌዴሬሽን ለ100,000 ሕዝብ ቢያንስ 5 ስፔሻሊስት ሐኪሞች እንዲኖሩ ይመክራል። በአገራችን ቁጥሩ ከዚህ እጅግ ያነሰ በመሆኑ አብዛኛውን አገልግሎት የሚሰጡት በዲግሪ የሠለጠኑ የአኔስቴዥያ ባለሙያዎች ናቸው። ያሉት ጥቂት ስፔሻሊስቶችም ከቀዶ ጥገናው ክፍል ባሻገር የማስተማርና የጽኑ ሕሙማንን የመከታተል ኃላፊነት አለባቸው። የሚተካቸው ሰው በሌለበት፣ ዕረፍት በወረቀት ላይ ብቻ የሚኖር መብት ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ አንድ ጥናት፣ ለ17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ብቃት በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ብቃት ጋር እንደሚስተካከል አሳይቷል። የጠጣ ሹፌር መሪ እንዲይዝ አንፈቅድም። ታዲያ ሌሊቱን ሲሠራ ያደረ ሐኪም ጠዋት የሌላውን ሰው ትንፋሽ እንዲጠብቅ ስለምን እናዝዛለን?

«ባለሙያ ከየት ይምጣ?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ስፔሻሊስት ማሠልጠን ዓመታት ይፈጃል። የሥራ ሰዓትን መመዝገብ ግን ከነገ ጀምሮ የሚቻል ነገር ነው። ሰመመን ሰጪው የሕመምተኛውን የልብ ምትና የደም ግፊት በየ5 ደቂቃው ይመዘግባል፤ እሱ ራሱ ስንት ሰዓት እንደሠራ የሚጽፍለት ሰው ግን መኖር አለበት። ሲሠራ ያደረ ባለሙያ ጠዋት ወደ ቤቱ ይሂድ። ይህ አንዳንድ ቀጠሮ ያስተላልፋል፤ አልሸሽገውም። የተላለፈ ቀጠሮ ሌላ ቀን ይገኝለታል፤ በድካም የተሳተ የመድኃኒት መጠን ግን ላይመለስ ይችላል።

ውድ ተማሪዎች፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ስትመርጡ በእነዚህ ከተሞች ያለውን የአዳር ተረኝነት አጥኑ። የሐኪሙ ዕረፍት ከኦክስጅን መለኪያው ባልተናነሰ የሕመምተኛው ደኅንነት መሣሪያ መሆኑን በማስረጃ የምታሳዩን እናንተ ናችሁ።