«ደህና ነኝ» ስትላችሁ አትመኑ
(በፊኒክስ፣ አሪዞና በተደረገው የማኅበራችን የግንቦት ወር ስብሰባ ላይ አንዲት አባላችን ያቀረበችው ንግግር)



ኮሚቴው «ከሚኒሶታ መጥተሽ ይህን በረሃ እንዴት ለመድሽው? ለአዲስ መጪዎች ንገሪልን» ሲለኝ ቀላል ነገር መስሎኝ እሺ አልኩ። ቤቴ ገብቼ መጻፍ ስጀምር ግን ልነግራችሁ የሚገባኝ አንድ ጥፋቴን እንደሆነ ገባኝ።

ሚኒያፖሊስ ዘጠኝ ዓመት ኖሬያለሁ። እ.ኤ.አ. በ2019 ጃንዋሪ መጨረሻ ላይ ብርዱ ከዜሮ በታች 28 ዲግሪ ፋራናይት ሲደርስ ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ ፖስታ ቤቱ እንኳ ደብዳቤ ማደሉን አቋረጠ። ያም ሆኖ ብርድ አንድ ደግነት አለው፤ ይታያል። ካፖርት የሌላት ሴት ከሩቅ ትታወቃለች። ከአገር ቤት በስስ ነጠላ የመጣች እናት ገና አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ጃኬት ይደረብላታል። መኪናችሁ አልነሳ ሲል ስሙን የማታውቁት ጎረቤት ባትሪ ሊያስነሳላችሁ ይመጣል። ማንም ሳይጠየቅ ይረዳል፤ ምክንያቱም ችግሩ ደጅ ላይ ነው።

ወደዚህ የመጣነው በባለቤቴ ሥራ እና በእኔ ጉልበት ሕመም ምክንያት ነው። በጃንዋሪ ገባን። ደጅ ተቀምጬ ፀሐይ እየሞቅሁ ቡና ስጠጣ ሚኒሶታ ላሉት እየደወልኩ ጉራዬን ነፋሁ። በጃንዋሪ የመጣ ሁሉ እንዲሁ ይታለላል። ጁን ሲገባ ስልኬን ዘጋሁ።

ሰዎች «አፍሪካዊት ነሽ፣ ሙቀት ምንሽ ነው?» ይሉኛል። ያደግሁባት አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ እኔ ደገኛ ነኝ። ሲሞቀኝ የማውቀው መድኃኒት መስኮት መክፈት ብቻ ነበር። እዚህ ግን ውጭው 110 ዲግሪ ሲሆን መስኮት መክፈት የምድጃ በር እንደ መክፈት ነው። ያስተማረችኝ ድሬዳዋ ያደገች እህታችን ናት። ጉዳይሽን ፀሐይ ሳትወጣ ጨርሺ፣ መጋረጃሽን በጠዋት ዝጊ፣ ቀትር ላይ አትንቀሳቀሺ፣ ልጆችሽን በባዶ እግራቸው አስፋልት ላይ አታውጪ፣ ውኃ ሳትይዢ መኪና ውስጥ አትግቢ አለችኝ። ይህን ሁሉ ተማርኩ። ያልተማርኩት ሌላ ነበር።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። የምነግራችሁ የእናታችንን ፈቃድ ጠይቄ ነው።

ከእኔ በኋላ ከሚኒሶታ የመጡ አንዲት እናት አሉን። ልጃቸው የሌሊት ፈረቃ ትሠራለች፤ የሚኖሩት ለብቻቸው በትንሽ አፓርታማ ነው። ባለፈው ዓመት ጁላይ፣ ዓርብ ቀን ኤሲያቸው ቆመ። ለአፓርታማው ቢሮ አንድ ጊዜ ደወሉ፤ «ሰኞ ሠራተኛ እንልካለን» ተባሉ። ለልጃቸው አልነገሯትም፤ ከእንቅልፏ እንዳይቀሰቅሷት ብለው። ቅዳሜ እኔ ደወልኩላቸው። «እማማ፣ እንደምን ዋሉ?» አልኩ። «ደህና ነኝ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ልጆችሽ ደህና ናቸው?» አሉኝ። እኔም የድርሻዬን ያደረግሁ መስሎኝ ስልኩን ዘጋሁ።

እሑድ ከስብሰባችን ቀሩ። አንዲት አባላችን ልቧ አላርፍ ብሏት ቤታቸው ሄደች። መስኮቱ ተከፍቶ፣ ቬንትሌተሩ ትኩስ አየር እየነፋ፣ እማማ ወለሉ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ሰውነታቸው ይፋጃል፤ ስሟን ጠርተው የማያውቁትን ነገር ያወራሉ። 911 ደወለች። እስኪደርሱ ድረስ በታዘዘችው መሠረት ልብሳቸውን አላልታ በውኃ እያራሰች፣ አንገታቸውና ብብታቸው ላይ በረዶ ያዘች። ተረፉ። ሆስፒታል ስጠይቃቸው ያሉኝ ግን እስከ ዛሬ አይረሳኝም፤ «ላስቸግራችሁ አልፈለግሁም።»

እህቶቼ፣ ቅዳሜ ዕለት አልዋሹኝም። እኔ ነኝ የማይሆን ጥያቄ የጠየቅሁት። የእኛ ሰላምታ ደህንነትን ለመመኘት እንጂ ችግርን ለማውጣት የተሠራ አይደለም። ብርድ አገር ይሉኝታችን አልገደለንም፤ ችግራችን ይታይ ነበርና። እዚህ ግን ሁሉም በሩን ዘግቶ መጋረጃውን ጋርዶ ይውላል፤ ከውጭ ሲታይ የሁላችንም ቤት አንድ ዓይነት ነው። ሙቀትና ይሉኝታ ሲገናኙ ሰው ይሞታል።

ይህን የምለው ለማስፈራራት አይደለም። በ2023 ፊኒክስ 31 ቀናት በተከታታይ 110 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሆናለች። በዚያ ዓመት በማሪኮፓ ካውንቲ ከሙቀት ጋር በተያያዘ 645 ሰዎች ሞተዋል። ቤታቸው ውስጥ ከሞቱት መካከል ብዙዎቹ ኤሲ ነበራቸው፤ ግን አይሠራም ነበር። ሌሊቱም አያሳርፍም፤ በዚያው ጁላይ ለ16 ቀናት ሌሊቱ እንኳ ከ90 ዲግሪ በታች አልወረደም።

ስለዚህ ዘንድሮ አንድ ሐሳብ ይዤ መጥቻለሁ። ከጁን እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ እያንዳንዳችን ለሁለት አባላት በየቀኑ እንደውል። «ደህና ነሽ?» ብለን አንዝጋ። ሦስት ነገር እንጠይቅ።

አንደኛ፣ «ግድግዳው ላይ ያለው የኤሲ ቁጥር አሁን ስንት ይላል?» ቁጥር ይሉኝታ አያውቅም። በፊኒክስ ከተማ ደንብ መሠረት አከራይ ኤሲ ያለውን ቤት ከ82 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት ማቆየት አለበት። «ሰኞ እንመጣለን» ካሉ ጥያቄያችሁን በጽሑፍ አድርጉ፤ እስከዚያ ግን እዚያ ቤት አትደሩ።

ሁለተኛ፣ «ከጠዋት ጀምሮ ስንት ብርጭቆ ውኃ ጠጣሽ? መድኃኒትስ ትወስጃለሽ?» አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶች ከሰውነት ውኃ ያስወጣሉ፤ ሐኪማችሁን ጠይቁ። የፍልሰታ ጾም የሚውለው በኦገስት ነው፤ ግፊትና ስኳር ያለባችሁ ከጾሙ በፊት ሐኪማችሁንም የንስሐ አባታችሁንም አማክሩ።

ሦስተኛ፣ «የመብራት ቢሉ ስንት መጣ?» ብዙ እናቶች ኤሲውን የሚያጠፉት ቢሉን ፈርተው ነው። ሚኒሶታ ከኦክቶበር እስከ ኤፕሪል ማሞቂያ እንዳይቆረጥ የሚከላከል ደንብ እንደነበረን ሁሉ፣ አሪዞና ውስጥም በስቴቱ ቁጥጥር ሥር ያሉት ትልልቅ የመብራት ድርጅቶች በበጋው ሙቀት ሰው አልከፈለም ብለው እንዳይቆርጡ የሚከለክል ደንብ አለ፤ የተለመደው ጊዜ ከጁን 1 እስከ ኦክቶበር 15 ነው። የእናንተ ድርጅት በዚህ ውስጥ መሆኑን ደውላችሁ አረጋግጡ። ዕዳው ግን አይሰረዝም፤ ተጠራቅሞ ይጠብቃል። ስለዚህ አስቀድማችሁ ንገሩን፤ በ211 ደውለን የመንግሥት እርዳታ እናመለክታለን፣ ቀን ቀን የሚያርፉበት ቀዝቃዛ ቦታም እንጠይቃለን።

ለደጋፊዎቻችን ደግሞ፣ የእማማን ኤሲ አከራዩ እስኪያሠራ ድረስ መኝታ ቤታቸው መስኮት ላይ የተገጠመው ትንሽ ኤሲ የተገዛው እናንተ በሰጣችሁን ገንዘብ ነው። ዘንድሮ እንዲህ ያሉ ሁለት ተጨማሪ ኤሲዎች ገዝተን ማኅበሩ ውስጥ ብናስቀምጥ፣ ዓርብ ማታ የተበላሸበት ሰው እስከ ሰኞ አይጠብቅም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ አባቶቻችን። እማማ ዛሬ እዚህ ከፊት ተቀምጠዋል። ለመደወል ከተመዘገቡት የመጀመሪያዋም እሳቸው ናቸው። ትናንት ማታ ደውለውልኝ ነበር። «ደህና ነኝ» አልኳቸው። «እሱን አልጠየቅሁሽም፤ ቁጥሩን ንገሪኝ» አሉኝ።