ዕድል የሚመስል ስሌት



ሐረርን የማያውቅ እንግዳ፣ ሲመሽ ከጀጎል ግንብ ውጭ የሚሰበሰቡት ጅቦች በአጋጣሚ የመጡ ይመስሉታል። መጋቢዎቻቸው ግን ሰዓታቸውን ያውቃሉ።

በኮምፒዩተር የጦርነት ጨዋታም ዕጣ የሚመስለው ነገር ስሌት ነው። ይኸውም መነሻውን ቁጥር በ5 አባዝቶ፣ 3 ደምሮ፣ ለ16 አካፍሎ ቀሪውን እንደ መያዝ ያለ ነው። ከ1 ቢነሣ 8፣ 11፣ 10፣ 5 እያለ በ16ኛው እርምጃ ወደ 1 ይመለሳል። መነሻው ብዙ ጊዜ ከሰዓት ስለሚወሰድ፣ ሰዓቱንና ቀመሩን ያወቀ ተጫዋች ውጤቱን ቀድሞ ይደርስበታል።

በጨዋታ ጉዳቱ ቀላል ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ግን ኔትስኬፕ የተባለው የኢንተርኔት መቃኛ ምስጢራዊ ቁልፍ፣ መነሻው በከፊል ሰዓት በመሆኑ፣ ሊገመት እንደሚችል ተረጋገጠ። ስለዚህ መሐንዲስ «ዕድል ነው» ከማለቱ በፊት መነሻውን ይመርምር።