ለድረ ገጽ የፎቶግራፍ ማዘጋጃ ላይብረሪ ስለ መምረጥ



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ጠባብ ነው፤ ይኸውም በድረ ገጽ የሚላክን ፎቶግራፍ ለማሳነስ፣ ለመቁረጥና ለማዞር የሚያገለግለውን የተዘጋጀ የፕሮግራም ስብስብ፣ በሙያችን አነጋገር ላይብረሪ የምንለውን፣ እንዴት እንምረጥ የሚል ነው። ብዙዎቻችን አስቀድመን የምንጠይቀው ስንት ዓይነት ሥራ ይሠራል ብለን ነው። እኔም እንዲሁ ጠይቄ ተሳስቻለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከባልደረቦቼ ጋር፣ ሰዎች ያገለገለ የቤት ዕቃ ፎቶግራፍ አንሥተው ለሽያጭ የሚያቀርቡበት ድረ ገጽ ሠርተን ነበር። የመረጥነው እ.ኤ.አ. በ1990 ለሕዝብ የተለቀቀውንና የማይሠራው ሥራ የለም የሚባልለትን ኢሜጅማጂክን ነው። ከ5 ሜጋባይት የሚበልጥ ፋይል እንዳይገባ ከልክለን አርፈን ተቀመጥን። ሰርቨሩ ግን በሥራ ሰዓት ደጋግሞ ይወድቅ ጀመር።

ምክንያቱን ያገኘነው በወረቀትና በእርሳስ ነው። ወርዱ 6,000፣ ቁመቱ 4,000 የሆነ ፎቶግራፍ 24 ሚሊዮን ፒክስል አለው። ተጨምቆ ሲቀመጥ 4 ሜጋባይት ሊሆን ይችላል፤ ሲከፈት ግን፣ እኛ በተጠቀምንበት አሠራር ለእያንዳንዱ ፒክስል 8 ባይት ስለሚያዝ፣ 192 ሚሊዮን ባይት ይሆናል። ዐሥር ሰዎች ባንድ ጊዜ ሲልኩ ወደ 2 ቢሊዮን ተጠጋ፤ የሰርቨራችን ሜሞሪም ጠቅላላው ከዚያ አይበልጥም ነበር። የታጠፈውን ጋቢ አይተን፣ ሲዘረጋ የሚይዘውን ስፍራ ዘንግተናል።

ስለዚህ ሊብቪፕስን መረመርን። የዚህ መሣሪያ አነሣሥ በለንደን ናሽናል ጋለሪ የሚገኙ ሥዕሎችን በከፍተኛ ጥራት ለመመዝገብ ከተደረገው ጥረት ጋር የተያያዘ ነው። ምስሉን ሁሉ ባንድ ጊዜ በመክፈት ፈንታ በቁራጭ በቁራጭ እያነበበ ይሠራል። ጄፔግም ገና ሲነበብ እስከ አንድ ስምንተኛ ሊያንስ ስለሚችል፣ የ6,000ው ወርድ ሲከፈት 750 ይሆናል። በኖድ ለሚሠሩ ሻርፕ የተባለው ላይብረሪ በዚሁ ላይ የቆመ ነው፤ እኛም እርሱን ያዝን። በፓይተን ለሚሠሩ ፒሎው አለ፤ ለመጠነኛ ሥራ ይበቃል።

ንጹሕ የሆነ ላይብረሪ አለ ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በኢሜጅማጂክ የተገለጠው ጉድለት፣ ፎቶግራፍ መስሎ የገባ ፋይል በሰርቨሩ ላይ ትእዛዝ እንዲያስፈጽም መንገድ ይከፍት ነበር። በ2023 በዌብፒ ማንበቢያ ላይ የተገኘው ደግሞ ሻርፕንም ፒሎውንም ነክቷል። በበኩሌ ከችሎታው ዝርዝር ይልቅ እርማቱ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚወጣ እመለከታለሁ። እኛም ከጄፔግ፣ ከፒኤንጂና ከዌብፒ በቀር አንቀበልም፤ ምስሉን ሳንከፍት የፒክስሉን ብዛት እናነባለን።

ከሁሉ ያሳፈረኝን ለመጨረሻ አቆይቻለሁ። አንዲት ደንበኛ ደውለው፣ «አድራሻዬን ሳልናገር የማላውቀው ሰው ከደጄ ቆመ» አሉን። ስልካቸው በፎቶግራፉ ውስጥ ቤታቸው የሚገኝበትን ስፍራ መዝግቦ ኖሯል፤ የእኛም ፕሮግራም ምስሉን ሲያሳንስ መረጃውን እንዳለ አሳልፎታል። ሻርፕ ጠብቅ ካላሉት በቀር ይህን ሁሉ ይጥላል። የምስሉን አቅጣጫ የሚናገረውንም አብሮ ስለሚጥል፣ አስቀድሞ አዙር ብሎ ማዘዝ ያስፈልጋል፤ ይህን እስክናውቅ ድረስ ቁም ሳጥኑ ሁሉ በጎኑ ተጋድሞ ይታይ ነበር።

አሮጌዎቹን ምስሎች አንድ በአንድ አጸዳናቸው። ቀድሞ ሌሎች ሰዎች የወሰዷቸውን ግን መልሰን ልንሰበስብ አልቻልንም፤ ይህንኑም ለሴትዮዋ ደውዬ ነገርኋቸው።