ስለ በገና አውታር አመራረጥ



ስለ በገና ክብር በየበዓሉ ብዙ ተነግሯል። የዐሥሩ አውታር ለዐሥሩ ትእዛዛት ምሳሌ መሆኑን የማያውቅም በዚህ ጉባኤ አይገኝም። ስለዚህ በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል የሚቀርበው ይህ ንግግር ዝቅ ያለ ወደሚመስል ነገር ይወርዳል፤ ይኸውም አውታሩ ከምን ይሠራ የሚለው ጥያቄ ነው። ነገሩ ትንሽ ይምሰል እንጂ በገናን በገና የሚያሰኘው ድምፅ የሚተርፈውም የሚጠፋውም በዚሁ ነው። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ባሉ ሰንበት ትምህርት ቤቶች በገና የሚማሩ ልጆች ብዙ ጊዜ የሚያገኙት የናይሎን ክር የተወጠረበትን ነው። ክሩ ከሱቅ ይገዛል፤ ዋጋውም ቀላል ነው፤ ቶሎም አይበጠስም። የበግ አንጀት ጠምዝዞ አውታር የሚያወጣ ሰው ግን እያነሰ ሄዷል።

በቅድሚያ አንድ ነገር ይለይ። በገና የማኅሌት መሣሪያ አይደለም፤ ለማኅሌቱ ከበሮ፣ ጸናጽልና መቋሚያ አሉለት። በገና በቤትና በጉባኤ፣ ይልቁንም በዓቢይ ጾም፣ ነፍስን ለማሳሰብ የሚደረደር ነው። በመዝሙረ ዳዊት 32ኛና 143ኛ መዝሙር ዐሥር አውታር ያለው መሣሪያ ተጠርቷል፤ የእኛም በገና ቍጥሩን ጠብቆ ኖሯል። ይሁን እንጂ ብዙዎች ደርዳሪዎች ከዐሥሩ ስድስቱን ያህል ብቻ ይመታሉ፤ የቀሩት ለጣት ማረፊያ ናቸው። በደጋን የሚመታው መሰንቆ ደግሞ አውታሩም የደጋኑም ክር የፈረስ ጭራ ስለ ሆነ በአንጀት ነገር አይገባም።

የአውታር ሕግ በዓለም ሁሉ አንድ ነው። አውታር ሲረዝም፣ ሲከብድ ወይም ሲላላ ድምፁ ይወፍራል። ርዝመቱንና ውጥረቱን ሳይለውጡ ድምፁን በአንድ ኦክታቭ ለማውረድ የፈለጉ እንደ ሆነ ክብደቱ 4 እጥፍ፣ ውፍረቱም 2 እጥፍ መሆን አለበት። ችግሩም ከዚህ ይጀምራል፤ የወፈረ አንጀት እንደ ገመድ ይገትራልና ድምፁ ይደነዝዛል።

የአውሮፓ ባለሙያዎች ለዚህ መላ ያገኙት በ17ኛው መቶ ዓመት ነው። በአንጀቱ ላይ ቀጭን የብር ወይም የመዳብ ሽቦ ጠመጠሙበት፤ አውታሩም ሳይገትር ከበደ። በእነርሱ አቈጣጠር በ1664 በለንደን ጆን ፕሌፎርድ ይህን አዲስ አውታር በመጽሐፉ አስታወቀ። በፈረንሳይም በጉልበት መካከል ተይዞ በደጋን ለሚመታው ቪዮል ይህን አውታር ያስገባ ሴንት ኮሎምብ መሆኑን ዣን ሩሶ በ1687 ጽፏል። ዛሬም የጥንቱን ቪዮልና ቫዮሊን የሚመቱ ሰዎች ለወፍራሙ ድምፅ ሽቦ የተጠመጠመበትን አንጀት ይመርጣሉ።

እንግዲህ በገናም እንዲህ ያለ አውታር ይደረግለት የሚል ሰው ቢነሣ ሐሳቡ ከአእምሮ የራቀ አይደለም፤ የበገና ድምፅ ከሁሉ ይልቅ የወፈረ ነውና። ነገር ግን በገና ያንኑ ችግር በሌላ መንገድ ፈትቶታል። በበርኩማው ላይ በእያንዳንዱ አውታር ሥር እንዚራ የሚባል ትንሽ ቍራጭ ቆዳ ይገባል። ደርዳሪው እንዚራውን ጥቂት ወደ ላይ፣ ጥቂት ወደ ታች እያለ ያስተካክለዋል፤ ቦታውን ባገኘ ጊዜ የላላው አውታር በርኩማውን እየነካ ይነዝራል። ከአንድ ወፍራም ድምፅ ላይም ብዙ ቀጫጭን ድምፆች እንደ ንብ ይነሣሉ። የደነዘዘውን አንጀት የሚያናግረው እንዚራው ነው። የህንድ ታንፑራ በአውታሩ ሥር በምትገባ የጥጥ ክር፣ የጥንቱ የአውሮፓ ሃርፕም አውታሩን በሚነኩ እንጨቶች ይህንኑ ያደርጉ ነበር፤ ታንፑራው እስከ ዛሬ ያደርገዋል። ሽቦ ግን ጥርስ አለው፤ ሲነዝር ለስላሳውን ቆዳ እንደ ሞረድ ይፍቃል። ስለዚህ ለበገና የሚገባው ልሙጥ አንጀት ነው።

ናይሎንስ? ናይሎን በ1930ዎቹ በአሜሪካ የተገኘ ነው። ከአንጀት ስለሚቀል፣ አንዱን ድምፅ በአንድ ውጥረት ለማውጣት ከመቶ 7 ያህል መወፈር አለበት። ዝናብና ፀሐይ እንደ አንጀት አይለዋውጡትም፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ጣቱን ገና ለሚያለማምድ ልጅ ናይሎን አይነቀፍም፤ አንጀት እስኪገኝ ድረስ ሳይማር ከሚቀር በናይሎን ይማር። በጾም በጉባኤ ፊት የሚደረደረው በገና ግን አንጀት ይልበስ። ልጁ የአንጀቱን ድምፅ አንድ ጊዜ እንኳ ካልሰማ እንዚራውን በምን ይለካዋል? መጋቤ ስብሐት ዓለሙ አጋ በ12 ዓመታቸው ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል በገና የተማሩት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከመምህሩ አጠገብ ተቀምጠው ነው። ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ በጾም ይሰማ የነበረው በገና ከሬዲዮ በጠፋ ጊዜም ድምፁን ያቈየው እንዲህ ያለ ጆሮ ነበረ።

አመራረጡ እነሆ። አውታሩን ወደ ብርሃን አንሥተው ይመልከቱ፤ ከዳር እስከ ዳር አንድ ውፍረት ያለው፣ ብርሃን ጥቂት የሚያሳልፍ፣ ስብና ቋጠሮ የሌለበት ይሁን። ቀጥሎ ሁለት ጫፉን በሁለት እጅ ወጥረው በጣት ይምቱት። ሲነዝር ሁለት የጠሩ መስመሮች ከታዩ አውታሩ እውነተኛ ነው፤ ሦስተኛ መስመር ከታየ ወይም ከተደበላለቀ ሐሰተኛ ነውና ቅኝት አይይዝም። በ16ኛው መቶ ዓመት የተጻፉ የአውሮፓ የሙዚቃ መጻሕፍት ይህንን ፈተና ይመክራሉ፤ ገንዘብም አያስወጣም።

አየሩም ይታሰብ። አቃቂ ከእንጦጦ በታች ያለ ሜዳ፣ ወንዝም የሚያልፍበት አገር ነው። በሐምሌና በነሐሴ አንጀት እርጥበት ይጠጣል፤ ቅኝቱም ይፋለሳል። በገናው ከመሬትና ከግድግዳ ርቆ ይሰቀል፤ ሳይደረደር የሚሰነብት ከሆነም አውታሩ ይላላ። በበጋው ግን አንጀት ይደርቃል፤ ጥቂት ዘይት በጨርቅ ቢታሽበት ዕድሜው ይረዝማል።

የቀረው አንጀቱን ማግኘት ነው፤ በዚህም ብዙ ሰው የማያስበው አንድ ችግር አለ። በገና እጅግ የሚፈለገው በዓቢይ ጾም ነው፤ በዚያ 55 ቀን ደግሞ በምእመናን ቤት በግ አይታረድም። በሁለተኛው ሳምንት አውታር የተበጠሰበት ደርዳሪ እስከ ፋሲካ ምን ያደርጋል? ወደ ናይሎኑ ይሄዳል፤ ከዚያም ሳይመለስ ይቀራል። ስለዚህ በገና ያለው ቤት ለልደት፣ ለጥምቀትና ለቅበላ ከሚታረደው በግ ቀጭኑን አንጀት ከውሻ ያስጥል። ትኩሱን ባዶ አድርጎ አጥቦ፣ በውሃ ዘፍዝፎ፣ ስቡንና ውጭውን ሽፋን በደነዘ ቢላዋ ይፋቅ። እንደሚፈለገው ውፍረት አንዱን ከሌላው ጋር በእርጥብነቱ ጠምዝዞ፣ በሁለት ችካል መካከል ወጥሮ፣ በጥላ ያድርቀው፤ ሦስት አራት ትርፍ አውታርም ጠቅልሎ ከበገናው ጋር ያኑር።