ከቡና ለቀማ በኋላ የመጽሐፍ ገበያ



አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ነበሩ። ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ ሾላ አካባቢ ለልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ቀጥሎም በሐዋሳ መጻሕፍትን በአህያ ጋሪ አስጭነው ልጆቹ ወዳሉበት ላኩ።

ይህ ሐሳብ ለእኛም ለጅማ፣ ለአጋሮና ለሊሙ ገነት ይሆናል። አህያው አለ፤ ገበያውም አለ፤ የቀረው መጽሐፉን ወደ ገበያው ማውጣት ነው። የቡና ለቀማው ከጥቅምት ጀምሮ ትንሹንም ትልቁንም ስለሚጠምድ፣ የመጽሐፍ ገበያ የሚያዋጣው ቡናው ከተሰበሰበ በኋላ፣ ቤተሰብ እጁ ላይ ገንዘብ ሲኖር ነው። በየካቲት አንድ ቅዳሜና እሁድ ይበቃል። የአፋን ኦሮሞውም የአማርኛውም መጽሐፍ ጎን ለጎን ይዘርጋ፤ ልጅ ቤቱ በሚናገረው ቋንቋ ካልተነበበለት መጽሐፍ ባዳ ይሆንበታል። አያቶች ተረት ያውሩ። የሰፈር ወሬውም ይኑር፦ ማን ልጁን ዳረ፣ ማን ታመመ፣ እድሩ መቼ ይሰበሰባል። መጽሐፍ የመግዛት ሐሳብ ያልነበረውን ሰው ከቤቱ የሚያወጣው እሱ ነው።

መምህራን፣ ወጣቶች፣ የእድር ዳኞች፣ ከአሁኑ ተነጋገሩበት። አንብባችሁ ያስቀመጣችሁት የልጆች መጽሐፍ ካለም ይዛችሁ ውጡ።