ለአነስተኛ ቢሮ የሚበጀው የፎቶግራፍ ደንበኝነት የትኛው ነው?

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ድልድይ ወይም ስለ ውሃ መስመር ሳይሆን ስለ ፎቶግራፍ ግዢ እንድናገር የዝግጅት ኮሚቴው ሲጠይቀኝ በመጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ኋላ ግን ነገሩን ሳወጣና ሳወርደው፣ ከመካከላችን አነስተኛ የማማከር ቢሮ ያለው ሁሉ ለጨረታ ሰነድ፣ ለድርጅት መግለጫና ለድረ ገጽ የሚሆን ፎቶግራፍ ሲፈልግ እንደሚውል፣ ከየት እንዳመጣው ሲጠየቅም «ከኢንተርኔት» ከማለት በቀር መልስ እንደማይኖረው ትዝ ስላለኝ ግብዣውን ተቀበልሁ።

እኔም ከዚህ ወቀሳ ነፃ አይደለሁም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቢሮአችን ባቀረበው አንድ የጨረታ ሰነድ ሽፋን ላይ ከፎቶግራፍ ሻጭ ድርጅት የገዛነውን የግድብ ፎቶግራፍ አወጣን። ገንዘቡ ተከፍሏል፤ ፈቃዱም ሕጋዊ ነበር። በገምጋሚዎቹ ፊት በቀረብን ጊዜ ግን አንድ ሸምገል ያሉ መሐንዲስ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ልጄ፣ ይህን ግድብ የሠራችሁት የት ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። እንኳን ልንሠራው፣ በየት አገር እንደሚገኝ እንኳ አላውቅም ነበር። ጨረታውን በዋጋ ምክንያት ይሁን በዚያ ሽፋን ምክንያት እንዳጣነው እስከ ዛሬ አልተረዳሁም። የተረዳሁት ነገር ቢኖር፣ የገዛነው ፈቃድ ከፎቶግራፉ ባለቤት ጋር እንጂ ከተመልካቹ ጋር የማያስታርቀን መሆኑን ነው።

ይህ ንግድ አሁን ያለውን መልክ የያዘው በቅርብ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በካናዳ የተቋቋመው አይስቶክ ፎቶግራፍን በርካሽ ዋጋ ለማንኛውም ሰው ማቅረብ ጀመረ፤ በ2006 ጌቲ ኢሜጅስ በ50 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። በ2003 ጆን ኦሪንገር በኒው ዮርክ ሹተርስቶክን ሲመሠርት መነሻው ራሱ ያነሣቸው 30,000 ያህል ፎቶግራፎች ነበሩ፤ ወርኃዊ ደንበኝነትንም የሽያጩ ዋና መንገድ አደረገው። አዶቢም ፎቶሊያን በ800 ሚሊዮን ዶላር ጠቅልሎ በ2015 አዶቢ ስቶክን ከፈተ። ሁሉም ዛሬ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ክምችት እንዳላቸው ይነግሩናል። በዓመት ሃያ ፎቶግራፍ ለሚበቃው ቢሮ ግን ይህ ቁጥር ምን እንደሚፈይድለት አይታየኝም።

ስለዚህ መጀመሪያ የራስን ፍላጎት መቁጠር ይገባል። ለስሌት ያህል በወር 10 ፎቶግራፍ በ30 ዶላር የሚሰጥ የዓመት ውል አለ እንበል። ማስታወቂያው አንዱ ፎቶግራፍ 3 ዶላር ወደቀ ይለናል። ነገር ግን በወር የምንጠቀመው 3 ብቻ ከሆነ እውነተኛ ዋጋው 10 ዶላር ነው፤ የቀሩትን ሰባቱን የከፈልነው ለባዶ ነው። በሌላ በኩል ያለ ደንበኝነት 5 ፎቶግራፍ በ50 ዶላር የሚሸጥ ጥቅል ቢኖር፣ በዓመት ከ36 ፎቶግራፍ በታች ለሚጠቀም ሰው ጥቅሉ ይረክሳል ማለት ነው። እኛ መዝገባችንን ገልጠን ብንቆጥር በዓመቱ የተጠቀምንባቸው 19 ሆነው ተገኙ። በዚህ ስሌት አራት ጥቅል፣ ማለትም 200 ዶላር ይበቃን ነበር፤ የዓመቱ ውል ግን 360 ዶላር ያስከፍላል። ያልተጠቀሙበትን ወደሚቀጥለው ወር የሚያሻግሩ ውሎች መኖራቸው እርግጥ ነው፤ ወሩ ሲያልቅ የሚሰርዙም አሉ። ይህን ሳያነቡ መፈረም የኮንክሪቱን ጥንካሬ ሳይመረምሩ ጣሪያ እንደ መጫን ነው።

የውሉ መቋረጥም ሊታሰብበት ይገባል። በየወሩ የሚከፈል ተብሎ የሚቀርበው ብዙውን ጊዜ የዓመት ግዴታ ያለበት ነው፤ በመካከል ቢያቋርጡት የማቋረጫ ቅጣት ይጠየቅበታል። ዓመቱ ሲሞላም ራሱ ይታደሳል። ሂሳቡ የሚቈረጠው በዶላር ስለሆነ ይህ ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም። ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ያህል ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከላይ የጠቀስሁት 360 ዶላር በ57 ብር ሲሰላ 20,520 ብር ነበር፤ በ100 ብር ሲሰላ 36,000 ብር ይሆናል።

ከዋጋው ይልቅ ግን ሰዎችን ሲያሳስት ያየሁት የፈቃዱ ቃል ነው። «ሮያሊቲ ፍሪ» ማለት በነፃ ማለት አይደለም፤ አንድ ጊዜ ከፍለው፣ በውሉ ወሰን ውስጥ፣ በተጠቀሙ ቁጥር ሳይከፍሉ ደጋግመው መጠቀም ማለት ነው። ወሰኑም አለ፦ በተለመደው ፈቃድ የተገዛውን ፎቶግራፍ የድርጅት ዓርማ ማድረግ አይቻልም። በሹተርስቶክና በአዶቢ ስቶክ መደበኛ ፈቃድ የሚታተመው ቅጂ ከ500,000 እንዳይበልጥ ተወስኗል፤ ይህ እኛን አያሰጋንም። የሚያሰጋን «ለዜናና ለዘገባ ብቻ» የሚለው ምልክት ነው። በፎቶግራፉ ላይ ያሉት ሰዎች የስምምነት ፊርማ ካልሰጡ ለማስታወቂያ ሊውል አይገባውም፤ የአዲስ አበባ መንገዶችና ገበያዎች ፎቶግራፎች ደግሞ፣ እኔ ስፈልግ እንደገጠመኝ፣ አብዛኞቹ ይህ ምልክት ያለባቸው ናቸው። ደንበኝነቱ ካበቃ በኋላ ስላለው መብትም ሻጮቹ አይስማሙም። በሹተርስቶክ በደንበኝነት ዘመን የወረደው ፎቶግራፍ ፈቃዱ ይጸናል፤ በኢንቫቶ ግን ለአንድ ለተመዘገበ ሥራ ብቻ ስለሚፈቀድ፣ ደንበኝነቱን ካቋረጡ በኋላ ለአዲስ ሥራ ማዋል አይቻልም። ስለዚህ የወረደበትን ቀን፣ የፎቶግራፉን ቁጥርና የፈቃዱን ቅጂ በአንድ መዝገብ መያዝ የግድ ነው። በአገራችንም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍን ለ25 ዓመት ይጠብቃል፤ «ከኢንተርኔት» የሚለው መልስ በዚህ አዋጅ ፊት አይቆምም።

በኮምፒውተር ስለተፈጠሩት ሥዕሎችም ጥቂት ልበል። አዶቢ ስቶክ እ.ኤ.አ. ከ2022 ማብቂያ ጀምሮ እነዚህን ምልክት እያደረገ ይቀበላል፤ ጌቲ ግን በዚያው ዓመት ከልክሏቸዋል። ለሌላው ሙያ እንጃ፤ ለእኛ የጌቲው መንገድ ይሻላል ባይ ነኝ። በአንድ ወቅት ያየሁት እንዲህ ያለ የድልድይ ሥዕል ገመዶቹ ከምንም ነገር ጋር ሳይታሰሩ ያልቃሉ፤ ይህን በሽፋኑ ላይ ያወጣ መሐንዲስ ስሌቱን ማን ያምንለታል?

ቢሮአችን አሁን የዓመቱን ውል ትቶ ትንሹን ጥቅል ይገዛል፤ ያንንም ለጀርባ ሥዕልና ለአጠቃላይ ነገር ብቻ ያውላል። የሥራ ልምድ በሚገለጽበት ገጽ ላይ የተገዛ ፎቶግራፍ እንዳይገባ ተከልክሏል። ወደ ሥራ ቦታ የሚወጣ ባልደረባ ሁሉ በየጉብኝቱ ከአንድ ቋሚ ነጥብ አምስት ፎቶግራፍ አንሥቶ ይመለሳል፤ ለሠራተኞቹም በአማርኛ የተዘጋጀ አጭር የፈቃድ ቅጽ አለን። ባለፈው ወር አንድ ግንበኛ ቅጹን ካነበበ በኋላ አልፈርምም አለ። እርሱ ለምሳ እስኪወጣ ጠብቀን ግድግዳውን ብቻ አነሣን፤ በዘንድሮው መግለጫችን ሽፋን ላይ ያለውም እርሱ ነው።