በኖራና በአሮጌ ጎማ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የመንገድ ደኅንነት ክበብ ተማሪዎች ያደረጉት ንግግር)



በዛሬው በዓል ስለ ትምህርት ቤታችን ታሪክ የሚናገሩ ሌሎች ስላሉ፣ እኛ የምንናገረው ከበሩ ውጭ ስላለው መንገድ ነው።

መንገዱን ለክተነዋል፤ ስፋቱ 12 ሜትር ነው። አንድ ልጅ ደብተሩን ይዞ በደኅና እርምጃ ሲሻገር 10 ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ አውቶሞቢል ግን በአንድ ሴኮንድ 14 ሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ ልጁ ተሻግሮ እስኪጨርስ 140 ሜትር ይጓዛል። ልጁ እግሩን ሲያነሣ ከመታጠፊያው ወዲያ ያልታየው መኪና፣ መሐል ላይ ይደርስበታል ማለት ነው። በብስክሌት ሲመጣ ተገጭቶ ሁለት ወር በምርኩዝ የሄደው ጓደኛችን ዛሬ ከመካከላችሁ ተቀምጧል፤ ስሙን እንዳንጠራ ለምኖናል።

«ታዲያ ተማሪ ምን ሊያደርግ ይችላል?» ትሉን ይሆናል። እኛም ብለን ነበር።

ሆላንድ ዛሬ የብስክሌት አገር ትባላለች እንጂ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረችም። እ.ኤ.አ. በ1971 በዚያች ትንሽ አገር ከ3,000 በላይ ሰዎች በመንገድ አደጋ ሲሞቱ፣ ከነዚህ ከ400 በላይ የሚሆኑት ልጆች ነበሩ። ልጁን በአደጋ ያጣው ጋዜጠኛ ቪክ ላንገንሆፍ በ1972 «የልጆች ግድያ ይቁም» የሚል ጽሑፍ አወጣ፤ ርእሱም የአንድ ንቅናቄ መጠሪያ ሆነ። በዚያው ዓመት በአምስተርዳም፣ ደ ፔይፕ በተባለው ሠፈር፣ መጫወቻ ያጡ ልጆች ፊርማ አሰባስበው መንገዳቸውን በመከልከያ ዘጉ፤ የተቈጡ መኪና ነጂዎችም ተጋፈጧቸው። የዴልፍት ከተማ ነዋሪዎችማ ቀደም ብለው የመንገዱን ንጣፍ እያነሡ፣ መኪና እየተጠማዘዘ በዝግታ እንዲያልፍ አድርገው ነበር። መንግሥትም በ1976 እንዲህ ያለውን የመኖሪያ መንገድ በሕግ አጸደቀው። (ንጣፍ እንንቀል አንልም፤ ርእሰ መምህራችን አይዘኑብን።)

የእኛ አሳብ ከዚህ ያነሰ ነው። የእግር ኳስ ሜዳችንን የምናሰምርበት ኖራ አለ፤ አሮጌ ጎማም ከጎሚስታ በነፃ ይገኛል። መታጠፊያው እጅግ ሰፊ ስለሆነ ሾፌሩ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ይዞራል። በኖራ አስምረን፣ ቀለም የተቀቡ ጎማዎች ብንደረድርበት ግን እንዲዞር የግድ ቀስ ማለት አለበት። መሻገሪያውም ወደ 7 ሜትር ስለሚጠብ ልጁ በ6 ሴኮንድ ገደማ ይሻገራል። ከጎማዎቹ ወዲህ የሚቀረው ቦታ ለብስክሌት ይሆናል። ሙከራው ለአንድ ሳምንት ብቻ ነው፤ ጎማ እንደ ሲሚንቶ ስላልሆነ ያላግባብ የተቀመጠው በማግስቱ ይነሣል።

ባለሱቆቹ «የጭነት መኪና የት ይቁምልን?» ብለው ጠይቀውናል። ጥያቄያቸው እውነት ነው፤ እስካሁን መልስ አላገኘንለትም። ወላጆችም አትቈጡን እንጂ፣ ጧት በሩን ከሚያጣብቡት መኪኖች ብዙዎቹ የእናንተ ናቸው። በዚያ ሳምንት ልጆቻችሁን ትንሽ ራቅ አድርጋችሁ እንድታወርዱልን እንለምናለን።

ያለ ፈቃድ አንድም ጎማ አናስቀምጥም፤ ማመልከቻችንን ለወረዳው ጽሕፈት ቤትና ለትራፊክ ፖሊስ ጽፈናል። ከተማሪዎች ፊርማ በታች የወላጆች ፊርማ የሚሆን ባዶ ቦታ ትተናል። ወረቀቱ ከመውጫው አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ እስክሪብቶም አለ።